የአራት ቤት ምሳ

«ኦቦ ኢቲቻ የት ሄዱ?» አሉ ወይዘሮ አረጋሽ፣ ጭልፋውን እንደያዙ ቀና ብለው።

ሠላሳ የሚሆን ሰው በግቢው ሣር ላይ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል። ከጉልበቱ በታች ጭቃ ያልነካው ሰው አልነበረም። ከበስተኋላቸው ገና የተመረገው ግድግዳ በፀሐዩ ይተናል።

ወርቅቱ አባቷን አይታቸዋለች። ምሳው ሲወጣ ከእንስራው አጠገብ እጅና እግራቸውን ታጠቡ። ኮታቸውን ከአጥሩ ላይ አነሡ። ማንንም ሳይሰናበቱ ወጡ።

«ሥራ ኖሮባቸው ይሆናል» አለች።

«ባለፈው ሳምንትም እንዲሁ ነበር» አለ አብዱረዛቅ። የክፍሏ ልጅ ነው፤ አፉ ሞልቶ ነው የሚናገረው። «ኦቦ ኢቲቻ ሲሠሩ እንደ በሬ፣ ሲበሉ እንደ መልአክ!»

ሰው ሣቀ። ወይዘሮ አረጋሽ አልሣቁም። በሰበታ ገበያ ጨውና በርበሬ የሚቸረችሩ፣ ባላቸው የሞተባቸው ሴት ናቸው። የዛሬውን ምሳ እህታቸው ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ጭና ነው ያመጣችላቸው።

«ቤቴን ንቀው ነው» አሉ። ቀስ ብለው ነው ያሉት፤ ሁሉም ግን ሰማ።

ልጃቸው ማሪቱ ከወርቅቱ ጋር በአንድ ዴስክ የምትቀመጥ ጓደኛዋ ናት። ማሪቱ ወርቅቱን አየቻትና ፊቷን አዞረች።

ጎርፉ የመጣው በነሐሴ መጨረሻ፣ ጎሕ ሲቀድ ነበር። ወንዙ ከአፉ ሞልቶ ወጣ። ሰው አልሞተም። በወንዙ ዳር ያሉት የአምስት ቤቶች ጭቃ ግን ታጥቦ ሄደ፤ ምሰሶውና ማገሩ እንደ ከሳ ከብት ጎድን ተገትሮ ቀረ። አምስቱም ቤቶች በትምህርት ቤቱ የሚማር ልጅ ነበራቸው። ዲሬክተሩ አቶ ገብረየስ ወሬውን እንደሰሙ ቁልፍ ይዘው መጡና አምስት ክፍል ከፈቱ። ዴስኮቹን ጥግ ላይ አስደረደሩ። ተማሪው ሁሉ ከየቤቱ አንዳንድ ጣሳ እህል እንዲያመጣ አዘዙ፤ አመጣ። ቀጥሎ ወላጆችን ሰበሰቡ።

«ትምህርት ቤቱ ቤት መሥራት አያውቅም» አሉ። «እናንተ ግን ታውቃላችሁ። ልጆቻችሁም እግር አላቸው።»

ደቦው እንዲህ ተጀመረ። ማገሩ ከትምህርት ቤቱ ባሕር ዛፍ ተቆረጠ። አባቶች ማገር አሰሩ፣ ተማሪው ጭቃ ረገጠ፣ እናቶች መረጉ። በሦስት ሳምንት አራት ቤት ቆመ።

የቀረው የወርቅቱ ቤት ነው።

እነወርቅቱ የሚያድሩት በራሷ ክፍል፣ በስድስተኛ ክፍል ነበር። ምንጣፋቸው ከጥቁር ሰሌዳው ሥር ተዘርግቷል። ከላይ የንጉሠ ነገሥቱ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። የወይዘሮ አረጋሽ ቤት በተመረገበት በዚያው ሰኞ ማምሻውን አቶ ገብረየስ በሩን አንኳኩ። የራሳቸውን ትምህርት ቤት በር ሁልጊዜ ያንኳኳሉ።

«አካም ኦልታን፣ እንዴት ዋሉ ኦቦ ኢቲቻ» አሉ። «ሐሙስ የእርስዎ ተራ ነው።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ዲሬክተር። እኛ እንኳ ረቡዕ እንሄዳለን። ከተጂ ወዲያ ወንድሜ አለ። እህሌም እሱ ዘንድ ነው ያለው።»

«ወርቅቱስ? ዘንድሮ ፈተና አለባት።»

«እዚያም ሥራ አለ።»

«ትምህርት ቤትስ?»

እናቷ ድንቅቱ አንገታቸውን ደፍተው ባቄላ ይፈለፍላሉ።

«ሰኞ ትምህርት ይጀመራል፤ ክፍሉን እፈልገዋለሁ» አሉ ዲሬክተሩ። «ከክፍሉ ይልቅ ግን እናንተን እፈልጋለሁ።» ቆብ አድርገው ወጡ።

ወርቅቱ በሩ እስኪዘጋ ጠበቀች።

«አባባ፣ ለምንድን ነው ከሰው ቤት የማይበሉት?»

«የደቦ ምሳ የበላ፣ በተራው ያበላል» አሉ። «ካልበላሁ የሰጠሁት ጉልበቴን ብቻ ነው። ጉልበት አለኝ።»

«ወይዘሮ አረጋሽ ግን…»

«በቃ፣ ኢንተለኮ፣ ልጄ። ሠላሳ ሰው ጠርቼ ውኃ አጠጥቼ ልስደድ? እንዲህ ያለ ደቦ በአባቴም በአያቴም ቤት አልነበረም።»

ወርቅቱ የተቀረውን ታውቃለች። ተጂ ያለ እህል የለም። ጎተራቸው ውኃው ላይ ተንሳፍፎ፣ እየዞረ፣ በድልድዩ ሥር ሲያልፍ በዓይኗ አይታለች። አባቷ በማግሥቱ ጎረቤቱ ሲጠይቃቸው «ወንድሜ ዘንድ ነው» አሉ። ለእሷና ለእናቷ ደግሞ «ይህ ገመናችን ነው» አሏቸው። ከዚያ በኋላ በቤቱ ስለ ጎተራ የተናገረ የለም።

ማክሰኞ ጠዋት ከትምህርት ቤቱ የውኃ ጉድጓድ አጠገብ ማሪቱን አገኘቻት። ማሪቱ ባልዲዋን ወደ ሌላኛው ጎን አዞረች።

«ደህና አደርሽ?» አለች ወርቅቱ።

«ምን አገባሽ።»

«ማሪቱ።»

«እናቴ ትናንት ራት አልበላችም። ታውቂያለሽ? ጠላችን ኮመጠጠባችሁ? ወይስ እጇ በርበሬ በርበሬ ሸተታችሁ?»

«እንዲያ አይደለም።»

«ታዲያ እንዴት ነው? ንገሪኛ! አባትሽ በአራት ቤት ሠርተው በአራቱም አኩርፈው ወጡ። ሰው ምን እንደሚል ሰምተሻል? እህል ስላላቸው ነው የሚኮሩት ይላል።»

ወርቅቱ ባልዲዋን መሬት አስቀመጠች። አባቷ ያሉትን አሰበች። ነገ እንደሚሄዱ አሰበች። ከሄዱ በኋላ ወይዘሮ አረጋሽ ዕድሜያቸውን ሙሉ እንደተናቁ ሊያስቡ ነው።

«እህል የለንም» አለች።

«ተጂ ነው ያለው ብለው የለ?»

«ተጂ የለም። የትም የለም። ጎተራውን ውኃ ወሰደው። ከበሉ ማብላት ሊኖርባቸው ነው። ስለዚህ አይበሉም።»

ማሪቱ ገመዱን ለቀቀችው፤ ባልዲዋ ጉድጓዱ ውስጥ ወደቀ። ተጋግዘው አወጡት።

«ቆይ» አለች ማሪቱ በመጨረሻ። አዲስ አበባ አክስቷ ዘንድ ሁለት ዓመት ኖራለች፤ ዘዴ አያጣትም። «ይህ በአራዳ መላ ነው የሚያልቀው። ደቦ አይደለም በያቸው። የእጅ ሥራ ፈተና ነው፤ ከትምህርት ሚኒስቴር መርማሪ ይመጣል፤ ቤት ያልመረገ ተማሪ ይወድቃል በያቸው። በፈተና ላይ ማን ይበላል?»

«አብዱረዛቅ ይበላል።»

ሳያስቡት ሁለቱም ሣቁ። ማሪቱ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

«ያምኑሻል?»

«ያምኑኛል።»

«እንግዲያው ዛሬውኑ ንገሪያቸው። ጭቃው ነገ ተረግጦ ማደር አለበት። የጭቃውን ጉድጓድ ደግሞ ቀድሞ የሚቆፍረው የቤቱ ሰው ነው። ያ ካልሆነ ሐሙስ ማን እግሩን ያነሣል?»

ወርቅቱ ቀኑን ሙሉ የምትናገረውን ስታዘጋጅ ዋለች። ያምኑኛል ያለችው እውነቷን ነው። አባቷ ፊደል አልቆጠሩም። አምና፣ ምድር ናት በፀሐይ ዙሪያ የምትዞረው ብላቸው ነበር። ፀሐይዋን ብዙ ጊዜ ቆመው አዩና «ካልሽ ይሁን» አሉ። ከትምህርት ቤት ያመጣችውን ነገር አንድም ቀን ተጠራጥረው አያውቁም።

ማምሻውን ከክፍሉ ደጃፍ አገኘቻቸው። ለነገው ጭነት የተበጠሰ መጫኛ ይቀጥላሉ።

«አባባ፣ ሐሙስ ዕለት…»

«ሐሙስ ምን?»

«የእጅ ሥራ ትምህርት አለ…»

መጫኛውን አስቀመጡ። የትምህርት ነገር ስታወራ ሁልጊዜ የያዙትን ያስቀምጣሉ። ፊታቸውን ወደ እሷ መልሰው ጠበቁ።

ወርቅቱ መቀጠል አቃታት።

«ልዋሽዎት ነበር» አለች።

«ምን?»

«ልዋሽዎት ነበር፤ ተውኩት። ለማሪቱ ነገርኳት። ስለ ጎተራው።»

ከውስጥ የእናቷ እጅ ሥራውን ሲያቆም ተሰማት።

«ገመና ነው ብዬሽ ነበር።»

«ብለውኛል።»

«ታዲያስ?»

«ወይዘሮ አረጋሽ እርስዎ የናቋቸው መሰላቸው። ራት ሳይበሉ አደሩ።»

«እኔ?» አሉ አባቷ። «አረጋሽን? ያ ዋቃ፣ አምላኬ! ያቺን ምስኪን ሴት?» እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አደረጉ። ይህ ከቶ አልታሰባቸውም ነበር። ስለ ራሳቸው ኀፍረት ብቻ ሲያስቡ ሰንብተዋል።

ወርቅቱ ቀጠለች።

«በአራት ቤት ሠሩ። ከአራቱም ሳይበሉ ወጡ። ያ ምሳ የት ሄደ?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«አልበሉትም እንጂ የእርስዎ ነው። አራቱ ቤቶች ሐሙስ ይዘውት ይምጡ።»

«ሰው ምሳውን በእጁ ይዞ ደቦ ይመጣል? ይህ ታይቶ አይታወቅም።»

«እንዲህ ያለ ጎርፍም ታይቶ አይታወቅም።»

አባቷ አዩዋት።

«ትምህርት ቤት ይህን ነው የሚያስተምሯችሁ?»

«አይ። ይህ የራሴ ነው።»

መጫኛውን መልሰው አነሡ። ቋጠሮውን በጥርሳቸው አጠበቁ።

«ማልደን እንነሣለን» አሉ።

ረቡዕ ማለዳ አህያው ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ተጭኖ ቆመ። ከጎርፉ የተረፈው ዕቃ ሁሉ የአንድ አህያ ጭነት አልሞላም። እናቷ የደብተሯንና የልብሷን ጥቅል አቀበሏት። ወርቅቱ ተቀብላ ደረጃው ላይ አስቀመጠችው። ከጭነቱ ላይ ዶማውን መዝዛ አወጣች፤ ባልዲም ያዘች።

«ወዴት ነው?» አሉ አባቷ።

«ቤት።»

መልሳቸውን አልጠበቀችም። ሮጣ ብትሄድ ሸሸች ይባላል ብላ ቀስ ብላ ተራመደች። የሚጠራት ድምፅ ጠበቀች። አልመጣም።

ግቢው ደለል ለብሷል። ቤቱ ወዲያና ወዲህ ያሳያል፤ የሣር ክዳኑ ወደ አንድ ጎን ዘንበል ብሏል። ወንዙ ወደ ቦታው ተመልሶ፣ ምንም እንዳልሠራ ሁሉ በድንጋዩ መካከል እየሾለከ ይወርዳል። ወርቅቱ ደለሉ ያልደረሰበት ቀይ አፈር ፈልጋ አገኘች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ ሸብ አደረገችና መቆፈር ጀመረች።

ዶማው ለአባቷ ክንድ የተሠራ ነው። ከብዷት ነበር። መዳፏ ቶሎ ውኃ ቋጠረ። ጉድጓዱ እስከ ጉልበቷ ሲጠልቅ ከወንዙ ውኃ እየቀዳች አፈሰሰችበት፤ ገብታ ትረግጠው ጀመር። ብርዱ አጥንቷ ድረስ ዘለቀ።

የተጂ መንገድ የሚያልፈው በአጥሩ ጥግ ነው። አህያው ሲያልፍ ቀና ብዬ አላይም ብላ ወሰነች። ቢጠሯት የምትመልሰውን አላወቀችም። ብቻ ቀና አትልም።

ኮቴው ተሰማ። ቀረበ። ወርቅቱ እግሮቿን እያየች ረገጠች፤ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ። ኮቴው አጥሩ ጋ ሲደርስ ቆመ። እናቷ አህያውን «ቁም» ሲሉ፣ ቀጥሎም ጭነት መሬት ሲወርድ ሰማች።

አባቷ መጥተው ከጉድጓዱ አፋፍ ቆሙ። ጎንበስ ብለው ጭቃውን አዩት።

«ውኃው በዝቷል» አሉ። «ይህ አይይዝም።»

«ጭድ የለንም።»

«አረጋሽ ግቢ የተረፈ ጭድ አይቻለሁ።» የአንገታቸውን ላብ ጠረጉ፤ ከመንገድ እንጂ ከሥራ የመጣ ላብ አልነበረም። «ሄጄ እጠይቃታለሁ። ስለ ምሳውም ራሴ ነኝ የምነግራት።»

ወርቅቱ መርገጧን አላቆመችም። ብታቆም የምታለቅስ መሰላት።

«ስንት ሰው ይመጣል?» አሉ አባቷ።

«ሠላሳ። አብዱረዛቅን ሳይጨምር።»

አባቷ ጉድጓዱን በእርምጃቸው ለኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ለሠላሳ ሰው አይበቃም» አሉ። «በዚያ በኩል አስፊው።»

ኮታቸውን አስተካክለው ወደ ወይዘሮ አረጋሽ ግቢ አቀኑ። ወርቅቱ ከጭቃው ወጣችና ዶማውን አነሣች።