ጉሩጂ ያላስጨረሱት ዜማ

እኔ እንዲህ ያለ ነገር አላምንም፣ ጴንጤ ነኝ፣ ሰው ሲያወራልኝም "እንቅልፍ አጥተሽ ነው" ብዬ የምገላገል ነበርኩ፤ እናንተም እንደዚያ ብትሉኝ አልቀየምም፣ እውነትም እንቅልፍ አጥቼ ነበር።

እንግሊዝ አገር፣ ሜድስቶን ከተማ፣ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ደብል ሺፍት የምሠራበት፣ እግሬ አብጦ ጫማ እምቢ ያለኝ ክረምት ነው። ከማጥባቸው ሰዎች አንዱ ሁላችንም ጉሩጂ፣ በእነሱ አባባል "መምህራችን"፣ የምንላቸው ህንዳዊ ሽማግሌ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሂንዱ ቅዱስ ዜማ ሲያስተምሩ ኖረው፣ ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ አንዲት ቃል አልወጣቸውም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ኮሪደሩ ላይ ፎጣ ሳጣጥፍ ከክፍላቸው ዜማ ሰማሁ። አንድ መስመር፣ ከዚያ ዝምታ፣ እንደገና ያው መስመር፣ ዝምታ። ስልክ ነው ብዬ ገባሁ፣ ስልክ የለም፣ ቲቪው ጠፍቷል፣ እሳቸው አፋቸውን ገጥመው ያዩኛል። ስወጣ ቀጠለ። እመኑኝ፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ፍርሃት አይደለም፣ ድካም ነው፤ "ደግሞ ይሄ ቀረኝ?" ነው ያልኩት። ሦስት ቀን እንዲሁ ሆነ፣ በየጊዜው አዲስ መስመር እየተጨመረ።

በአራተኛው ቀን እግራቸውን እያጠብኩ ሳይታወቀኝ ያንኑ ዜማ ሳንጎራጉር፣ ልጃቸው ሚና በሩ ላይ ቆማ ኖሮ የያዘችው የምግብ ዕቃ ከእጇ ወደቀ።

"ማን አስተማረሽ?"

"ምኑን?"

"ዜማውን! የአያቶቻችን ነው፣ የትም አልተጻፈም። አባቴ አንድ መስመር እያለልኝ፣ እኔ እየደገምኩ፣ ግማሽ ላይ ስንደርስ ታመመ። አንቺ እኮ ግማሹን አለፍሽው!"

ጉሩጂን አየኋቸው፤ እንባቸው ይወርዳል፣ ደህናዋ እጃቸው አልጋው ጠርዝ ላይ ምቱን ትመታለች።

ሚና ስልኳን አውጥታ "እባክሽ ድገሚው፣ ልቅዳው" አለችኝ። ደገምኩላት፣ ያን የማላውቀውን ቋንቋ፣ አንድ ድምፅ ሳልስት። የመጨረሻው መስመር ላይ ስደርስ ግን እግዚአብሔርን ፈራሁ፣ "ይኸው ነው" ብዬ ውሃውን ይዤ ወጣሁ።

ጉሩጂ በማግስቱ ጠዋት አረፉ። ከሳምንት በኋላ ሚና ደወለችልኝ።

"ደጋግሜ ሰማሁት፣ መጨረሻው ጎድሏል። ታውቂዋለሽ?"

"አላውቀውም" አልኳት።

ዋሸኋት። ለምን እንደሆነ ዛሬም አልገባኝም፣ መስመሩ እዚሁ ምላሴ ላይ ነው። ስንት ጊዜ ቁጥሯን አውጥቼ፣ አይቼው፣ ሳልደውል ስልኩን መልሼ አስቀምጣለሁ።