የታሸገው ፖስታ ቃላት

«እንግዲህ ሦስት ቀራችሁ» አሉ ቃል ጠሪው ሚስተር ሆልክራፍት፣ የታሸገውን ፖስታ እየቀደዱ። «ከእኔ በቀር ይህን ዝርዝር ያየ ተወዳዳሪም ዳኛም የለም።»

አዳራሹ በሰው ተሞልቷል። ታቢታ መዳፏን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። ስምንተኛ ክፍል ናት፤ የእንግሊዝኛ ቃላት ውድድሩ ከዚያ በላይ ያለውን ስለማይቀበል ዕድሏ የዛሬው ብቻ ነው። ያሸነፈ ለአገር አቀፉ ውድድር ዋሽንግተን ይሄዳል። አባቷ የእህል መኪናውን ደጅ አቁሞ፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ሦስት ክረምት ሙሉ ከእራት በኋላ መዝገበ ቃላት ይዞ ያስጠናት እሱ ነው፤ ግማሹን ቃል በቅጡ መጥራት እንኳ ሳይችል።

የመጨረሻው ዙር ክፉ ነው። የሚመጡት ድምፃቸው መንታ ሆኖ ፊደላቸው የሚለያይ፣ ሰው በዕድሜው አንዴ ቢሰማቸው የሚበዛባቸው ቃላት ናቸው። ስለዚህ ጠሪው ትርጉሙን አብሮ ይናገራል፤ ተወዳዳሪው ፊደል በፊደል ያወጣል። ለተሳሳተ ደወል ይደወልለታል።

መጀመሪያ የተነሳችው ጓደኛዋ ጆስሊን ነበረች።

«ሞርደንት» አሉ ሚስተር ሆልክራፍት። «በሙዚቃ ዜማ ማስጌጫ። ጨርቅ ቀለም እንዲይዝ የሚያደርገው አይደለም።»

ጆስሊን ምንም ሳትጠይቅ አወጣችው። ይሄ ነው ታቢታን ያስደነገጣት። የሚያውቅ ልጅ እንኳ ትንፋሹን ለመሰብሰብ ይጠይቃል፤ ከየት ቋንቋ መጣ፣ ይድገሙልኝ፣ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ያስገቡልኝ ይላል። ደግሞ ሞርደንት ትናንት አውቶቡስ ውስጥ ካጠኗቸው ካርዶች የመጀመሪያው ነበር። «የአክስቴ ልጅ አሮጌ ካርዶች ናቸው» ብላ ነበር ጆስሊን ያመጣቻቸው። ታቢታ ካርድ በውዛ አታውቅም፤ ቃላትን የምትይዘው እንደ ዶቃ በተርታ ነው።

ይገጥማል፣ አለች ለራሷ። ሁለተኛው ካርድ ሲር ነበር። እሱ ካልመጣ ነገሩ አጋጣሚ ነው።

ስድስተኛ ክፍሏ አንኪታ ማይክሮፎኑ ጋ ቆመች።

«ሲር» አሉ ሚስተር ሆልክራፍት። «የደረቀ፣ የጠወለገ። ትንቢት የሚናገረው አይደለም።»

አንኪታ የተፈቀደላትን ጥያቄ ሁሉ ጠየቀች፣ መዳፏ ላይ በጣቷ ጻፈች፣ አጠፋች፣ እንደገና ጻፈች። ከዚያ ተሳሳተች። ደወሉ ሲጮህ ከንፈሯን ነክሳ ከመድረኩ ወረደች።

ሰው እያጨበጨበ ሳለ ታቢታ አውራ ጣቷን አየች። የትናንቶቹ ካርዶች ሰማያዊ ቀለም ታጥቦም አልለቀቀም። አሮጌ ካርድ ደግሞ ጣት አያቀልምም።

«ጆስሊን፣ ካርዶቹን ከየት አመጣሻቸው?»

«ነገርኩሽ እኮ።»

«ቀለሙ አልደረቀም ነበር።»

ጆስሊን ለሕዝቡ ፈገግ እንዳለች በጥርሷ መካከል ተናገረች። «አታካብጂ በናትሽ። አንድ ለአንድ ቀረን፣ ከሁለታችን አንዳችን እንሄዳለን፣ በቃ።»

«አንኪታስ?»

«አንኪታ ገና የሁለት ዓመት ዕድል አላት። ስሚ፣ ከእማዬ ጠረጴዛ ላይ ነው የገለበጥኩት፤ እሷ አታውቅም። አፍሽን ብትከፍቺ ከሥራዋ የምታስባርሪያት አንቺ ነሽ።»

የጆስሊን እናት የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ናት፤ ዝርዝሩን የተየበችው እሷ ነች። አሁን በሩ አጠገብ ቆማ፣ ሁለቱንም እኩል እያየች በደስታ ታጨበጭባለች። ታቢታ እሷን ባታያት ይሻላት ነበር። ስንት ቀን ቤቷ በልታለች።

«ታቢታ» ተብላ ተጠራች። ሦስተኛው ካርድ ቢር ነው። ሌላ ይሁን፣ እባክህ ሌላ ቃል ይሁን እያለች ማይክሮፎኑ ጋ ደረሰች።

«ቢር» አሉ ሚስተር ሆልክራፍት። «አስከሬን የሚቀመጥበት ቃሬዛ። የሚጠጣው አይደለም።»

ሰው ሳቀ። አባቷም ሳቀ፤ ከዚያ ኮፍያውን ጨብጦ ወደ ፊት ዘንበል አለ። አራት ፊደል ብቻ ነው። አራት ፊደል ተናግራ መቀመጥ ትችላለች። ከጀርባዋ የአንኪታ ወንበር ባዶ ነው። አንኪታ ታች እናቷ ትከሻ ላይ ፊቷን ደፍታለች።

«ጥያቄ አለሽ ልጄ?»

«አንድ አለኝ» አለች ታቢታ። የጆስሊን ወንበር ሲንቋቋ ሰማች፤ ዞራ ግን አላየችም። «ቀጥሎ ያለውን ቃል እኔ ልንገርዎት?»

ሚስተር ሆልክራፍት ቀልድ መስሏቸው ፈገግ አሉ።

«ሲግኔት» አለች። «የማኅተም ቀለበት። የወፏ ጫጩት አይደለም።»

ሽማግሌው ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ አሳርፈው ወደ ታች አዩ። ቀና ሲሉ ፈገግታቸው የለም። ታቢታ ከማይክሮፎኑ ሳትርቅ፣ ኮፍያውን እንደጨበጠ የቀረውን አባቷን ተመለከተች።