ከኮሌታው ሥር

«ይሄኛውስ የማን ነው?» አለ ባለፋርማሲው፣ ስፌት ቤቱ ውስጥ ከተሰቀሉት ኮቶች መሀል ግራጫውን አውርዶ።

የልብስ ሰፊው ልጅ ካውያውን ጨርቁ ላይ ረስታው ልታቃጥለው ነበር። ኮቱ የእሷ ነው። አባቷ ለምሳ ወደ ቤት በሄደ ቁጥር፣ ሦስት ወር ሙሉ፣ ከተረፈ ጨርቅ ተደብቃ የሰፋችው። ዛሬ ካለቁት ልብሶች መሀል የሰቀለችው አባቷ ከራሱ ሥራ ይለየው እንደሆነ ለማየት ነው። ካልለየው፣ ቦርሳዋ ውስጥ ያለውን ፎርም ልታሳየው ቆርጣለች። ፎርሙ ነገ ወላጅ ፈርሞበት ትምህርት ቤት መመለስ አለበት፤ በሚቀጥለው ዓመት የጤና ክፍል ትግባ ወይስ የሙያ ክፍል የሚወሰነው በእሱ ነው። እሷ በእርሳስ «ልብስ ስፌት» ብላ ጽፋበታለች።

ጣጣው ስሟ ነው። አራት ዓመቷ ላይ አባቷ «ዶክተር» አላት፤ ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ሁሉ እንዲያ ነው የሚጠራት። ጓደኛዋ «ፋዘርሽን ዝም ብለሽ አትነግሪውም እንዴ? ምን ታካብጃለሽ?» ትላታለች። ለእሷ ምን አለባት፣ እሷን ማንም ዶክተር ብሎ አልጠራት።

ባለፋርማሲው ኮቱን ለበሰው። ትከሻው ላይ ልክክ አለ። «ጋሼ፣ ይሄን የመሰለ እጅጌ ሰፍተህልኝ አታውቅም እኮ» አለ በመስታወቱ ራሱን እያየ።

«የማን ይሆናል፣ የኔ ነው እንጂ» አለ አባቷ። መዋሸቱ አልነበረም፤ ሲሰፋ የሚውል ሰው የቱን ያስታውሳል? የልጅቷ አንጀት ቅቤ ጠጣ። እዚያ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት።

አባቷ ግን ሲያሞግሱት አይጠግብም። ኮቱን ከባለፋርማሲው አስወልቆ ኮሌታውን ገለበጠና፣ «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከዚህ ቤት የወጣ ልብስ ሁሉ ከኮሌታው ሥር ሁለት ቀይ ስፌት አለው። ይኸው፣ እይ» አለ፣ እሱ ራሱ ሳያይ።

ባለፋርማሲው አንገቱን አሰገገ። «ይሄ እኮ አረንጓዴ ነው፣ ጋሼ። ሦስት ነው ደግሞ።»

አባቷ ኮሌታውን አፍንጫው ድረስ አስጠጋው። ዓይኑ ከደከመ ሁለት ዓመት ሆኖታል። መርፌ እንኳ የምታስገባለት እሷ ናት፤ ይህን ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ የለም።

«እኔ ነኝ የሰፋሁት፣ አባዬ» አለች። ከዚያ አፏን መዝጋት አቃታትና ፎርሙንም አወጣችው፤ ምን ብላ እንደጻፈችም ነገረችው።

ባለፋርማሲው ሳቀ። ክፋት የለበትም፣ ግን ሳቀ። «ልጅህ በለጠችህ በለኛ።»

ጉዱ የፈላው ያኔ ነው። አባቷ አልጮኸም። ከመሳቢያው ምላጭ አውጥቶ እጇ ላይ አስቀመጠላት።

«ተርትሪው።»

«አባዬ፣ እባክህ…»

«እየረዳሁሽ ነው። አባት ልጁ ወደፊት ምን እንደምትሆን አብሯት ያስባል አይደል? ይኸው እያሰብኩልሽ ነው። አንተም ቁጭ በል፣ አትሂድ። እያየህ ትተርትረው።»

ባለፋርማሲው ቁጭ አለ። ልጅቷ ከእጅጌው ጀመረች። አባቷ አጠገቧ ቆሞ፣ ቀስ ብሎ፣ ለደንበኛ ዋጋ እንደሚነግር ሰው ይናገራል። «ሠላሳ ዓመት የሰው ብብት ስለካ ኖርኩ። አንቺ ደግሞ ሱሪ ልትለኪ ሰው እግር ሥር ልትንበረከኪ አማረሽ? እጅ ያለሽ መስሎሻል። እጅጌሽ ይጎትታል፣ ገበርሽ ተጨማዷል። ሰው እያዘነልሽ ሲያደንቅሽ አይገባሽም።»

ውሸቱን ነው። እሷም ታውቃለች፣ ባለፋርማሲውም ያውቃል። ግን ጫማውን ነው የሚያየው። የክሩ ብጥስጣሽ ጉልበቷ ላይ ተጠራቀመ። ገበሩ ወጣ፣ ኮሌታው ወጣ። ሦስቱን አረንጓዴ ስፌቶች ልትተዋቸው አሰበች።

«እነሱንም» አለ አባቷ።

እነሱንም ፈታቻቸው። ጨርቁን አንድም ቦታ አልቀደደችውም። አባቷን እንደዚያን ቀን ጠልታው አታውቅም።

«አሁን ፎርሙ ላይ ያለውን አጥፊና ሕክምና ብለሽ ጻፊ። ከዚያ አምጪው፣ ልፈርም።»

ፎርሙን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ላጲሱን አነሳች። አባቷ ኮሌታውን አፍንጫው ላይ ለጥፎ ያየበት ፊት መጣባት። ላጲሱን ወረቀቱ ጠርዝ ላይ፣ ምንም ያልተጻፈበት ቦታ ላይ፣ ድምፁ እስኪሰማ ፈተገችው። ከዚያ በእርሳሷ ጀርባ ጻፍ ጻፍ አድርጋ አቀበለችው።

አባቷ ወረቀቱን አራቀው፣ አቀረበው። ባለፋርማሲው ከትከሻው በላይ እያየ ነው። ሰው ፊት «አይታየኝም» የሚል ሰው አይደለም።

«አዎ» አለ አባቷ። «እንዲህ ነው የሚጻፈው።»

ባለፋርማሲው ያልጠፋውን «ልብስ ስፌት» አነበበ፤ ልጅቷን አያት። ጉሮሮውን ጠረገና ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ።

አባቷ «የት ጋ ነው?» ሲል ጣቷን የሚፈርምበት ቦታ ላይ አደረገችለት። ፈረመ። ከዚያ፣ ያልጠበቀችውን፣ ፀጉሯን ዳበስ አደረጋት። «ተቀየምሽኝ፣ ዶክተር? አንድ ቀን ታመሰግኚኛለሽ።»

አሁን ብትነግረው ይሰማት ይሆናል፤ ፎርሙንም ሊቀደው ይችላል። ፎርሙን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ባለፋርማሲው ደህና ዋሉ እንኳ ሳይል ወጣ። አባቷ የስፌት መኪናው ላይ ተመልሶ ተቀመጠና መርፌውን ዘረጋላት። ክሩን በከንፈሯ አርጥባ አሾለችው፣ በአንድ ጊዜ አስገባችለት።