የመምህርት ስዮካው ቀላል ሻንጣ

መምህርት ስዮካው ከቤታቸው የውጭ ደረጃ ሥር ሞተው ሲገኙ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ገና አልሞላም ነበር። በዚያው ቀን አሥር ሰዓት ላይ ወደ ዶሃ ሊበሩ ነበር። ግራጫዋ አዲስ የእጅ ሻንጣቸው ከእሳቸው ሁለት ደረጃ ከፍ ብላ በጎኗ ተጋድማለች።

ኢንስፔክተር ንዱኩ በኬንያ ማቻኮስ ከተማ ዳር ካለው ከዚያ ግቢ ስትደርስ ሦስት ሰዓት ሆኗል። አስከሬኑ ተነሥቷል። መምህርቷን ለሃያ ዓመት ያገለገሉት ካቱንጌ እጃቸው በካቴና ታስሮ የማንጎ ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል።

«ነገሩ አልቋል፣ አፈንዴ» አለ ሳጅን ንዚዮካ፣ የአገሩ ሰው የፖሊስ አለቃን በሚጠራበት ቃል። «ይቺ ሴትዮ ደረጃውን በሳሙና አጥባ ትታዋለች። መምህርቷ ከባድ ሻንጣ ይዘው ሲወርዱ አንሸራተታቸው። የወንድማቸው ልጅ ከሷታል። ስድስት ሰዓት ላይ መኪና መጥቶ ይወስዳታል።»

ንዱኩ ደረጃውን ወጣች፤ ወረደች፤ ደግማ ወጣች። ቁጭ ብላ ማሰብ የማይሆንላት ሴት ናት። ባልደረቦቿ «የንዱኩ ወንበር ሳያረጅ ይሸጣል» እያሉ ይቀልዱባታል።

«ሲገኙ እግራቸው ላይ ምን ነበር?» አለች ከላይ ሆና።

«የቤት ነጠላ ጫማ።»

«መኪናቸው ስንት ሰዓት ሊመጣ ነበር?»

«አምስት ሰዓት።»

«እና ከአንድ ሰዓት በፊት፣ በነጠላ ጫማ፣ ሻንጣ ይዘው ወዴት ነው የሚወርዱት?»

ሳጅኑ ባርኔጣውን አውልቆ ደረጃውን ቀና ብሎ አየ።

ንዱኩ ወደ ዛፉ ሄደች። ካቱንጌ ሊነሡ ሲሉ በእጇ አስቀመጠቻቸው።

«ይቀመጡ፣ እትዬ ካቱንጌ። ስንት ሰዓት ነው ያጠቡት?»

«አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ጨርሼ በደረቅ ጨርቅ ወልውዬዋለሁ። ሃያ ዓመት ያጠብኩት ደረጃ ነው። እሳቸው በሚጓዙበት ቀን ሳሙና ልተውበት? ከዚያ ከጓሮ ልብስ ሳሰጣ ሲወድቁ ሰማሁ፤ ስደርስ ብቻቸውን ነበሩ።»

«ሻንጣው በጣም ከባድ ነበር ይባላል።»

ካቱንጌ እንባቸው ሳይደርቅ ሳቅ አመለጣቸው። «ከባድ? እንዳይከብድ ብለው አይደል ሦስት ሳምንት ሙሉ ከተማውን ያሳበዱት! ያው ሙቲሶ በር ላይ ቆሟል፤ ይጠይቁት።»

ሻንጣ ነጋዴው ሙቲሶ ከግቢው በር ላይ ትንሽ ቁልፍ በጣቶቹ እያገላበጠ ቆሟል። ትናንት በሱቁ ከመምህርቷ ጋር ሲጯጯህ ገበያው ሁሉ ሰምቷል። ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ላይም እዚሁ በር ላይ ታይቷል።

«የሻንጣዋን ቁልፍ ሱቄ ረስተው ነው፤ ላደርስላቸው መጣሁ። ባንኳኳ ማንም አልከፈተልኝ፣ ተመለስኩ» አለ። «የጮህኩትን ከሆነ አልክድም። ሦስት ሻንጣ መልሰውብኛል፣ አፈንዴ! የራሳቸውን የሥጋ ሚዛን ይዘው ይመጣሉ፤ ባዶ ሻንጣ አንጠልጥለው ሲመዝኑ ሰው ይሰበሰባል። ሱቁን እኮ ቄራ አስመሰሉት።»

«ለምን እንዲህ ተጨነቁ?»

«ልጃቸው ዶሃ ወልዳለች፤ አሥራ ሁለት ቀኗ ነው። የተቆረጠላቸው ትኬት ርካሹ ነው፤ አንድ የእጅ ሻንጣ፣ ሰባት ኪሎ፣ ከዚያ አንድ ግራም የለም። መጀመሪያ ቀይ ፕላስቲክ፣ አራት ጎማ ያለው ሰጠኋቸው። እንደ ውሻ ይከተልዎታል አልኳቸው። ወሰዱት፤ በማግስቱ ይዘውት መጡ። ጎማ የሌለው የጨርቅ ሰጠኋቸው። ትከሻዬን ሊገነጥለው ነው ብለው መለሱት። ሦስተኛው ውስጡ ብረት ነበረው፤ እሱንም አልፈለጉትም። በመጨረሻ ይቺን ግራጫዋን፣ ባለ ሁለት ጎማዋን መረጡ።» ሙቲሶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ባለ አራት ጎማ ይሻልዎታል ብዬ ትናንትም ስጨቀጭቃቸው ምን እንዳሉኝ ታውቂያለሽ? ‹ሁለቱ ትርፍ ጎማ ከነብረቱ ግማሽ ኪሎ ነው። ግማሽ ኪሎ ደግሞ የልጄ አጥሚት ነው።›»

ንዱኩ ይህን ስትሰማ እግሯ ለአፍታ ቆመ። ከዚያ ወደ ላይ ሮጠች።

የመምህርቷ ክፍል ጠባብና ንጹሕ ነው። ሚዛኑ ከቁም ሣጥኑ በር ጀርባ ተንጠልጥሏል። አጠገቡ ቀጥ ባለ የአስተማሪ ጽሕፈት የተሞላ ወረቀት ተለጥፏል። የመጀመሪያው መስመር ሻንጣዋ ባዶዋን አንድ ኪሎ ከስምንት መሆኗን ይናገራል። ሁለተኛው «የአጥሚት ዱቄት፣ ግማሽ ኪሎ፣ አይወጣም» ይላል። ከዚያ በታች የሕፃን ልብስ፣ ፎጣ፣ የእሳቸው ሁለት ቀሚስ ተዘርዝሯል። አንድ ጥንድ ጫማ ተጽፎ ተሰርዟል። መጨረሻው ላይ «ድምር 6.9። ጠዋት የሚገባ፣ የጸሎት መጽሐፍ 0.1» ተብሏል።

የጸሎት መጽሐፉ አልጋው ላይ ነው።

ንዱኩ ሻንጣዋን ሳትገለበጥ በጥንቃቄ አስመጥታ ሚዛኑ ላይ ሰቀለቻት። መርፌው ስድስት ከአራት ላይ ቆመ። መሬት አውርዳ ዚፑን ስትከፍተው ከታጠፉት የሕፃን ልብሶች መሃል ቡጢ የሚያህል ጎድጓዳ ቦታ አየች። ሌላው ሁሉ አለ። ዱቄቱ የለም።

«በቃ ሰርቃዋለች!» አለ ሳጅኑ። «አሁን ደግሞ ሌብነትም ተጨመረባት።»

«አትቸኩል» አለች ንዱኩ፣ ራሷ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ስትወርድ።

ካቱንጌ ዱቄቱ እንደሌለ ሲሰሙ ፊታቸው ገረጣ።

«እኔ? ከአራስ አፍ ልሰርቅ?»

«እንዴት እንደተዘጋጀ ብቻ ይንገሩኝ።»

«ሁለታችን ነን የቆላነው። ዳጉሳና ማሽላ፣ ከዚያ የተቆላ የዱባ ፍሬ። እዚህ አካባቢ የዱባ ፍሬ የሚጨምር የለም፤ የመምህርት እናት ብልሃት ነው። ከወፍጮ ቤት የመጣው ያው ግማሽ ኪሎ ብቻ ነበር። እጄ ላይ የቀረውን እንኳ በብሩሽ አራግፈው ከተቱት። ‹ካቱንጌ፣ የወለድሽው አንቺ አይደለሽም› ብለው ቀለዱብኝ።» ካቱንጌ በታሰረ እጃቸው አፋቸውን ሸፈኑ።

አራት ሰዓት ተኩል ሆነ። ንዱኩ ምድር ቤት የሚኖሩትን የሙሴምቢንና የሚስቱን የዋዩዋን በር አንኳኳች። ሙሴምቢ የመምህርቷ የወንድም ልጅ ነው። ሶፋው ላይ ተቀምጧል። ክፍሉ እንደ ምድጃ ይፋጃል፤ እሱ ግን ወፍራም ኮት ለብሶ በላብ ተጠምቋል።

«ኮትህን ብታወልቅስ?» አለችው።

«ሐዘን ላይ ነኝ፣ አፈንዴ። ይበርደኛል።»

«አክስትህን ዶሃ ማን ሊቀበላቸው ነበር?»

«የልጅቷ ባል ሊሄድ ነበር። እኔ ግን ምን አደከመው ብዬ እዚያ ያለ ጓደኛዬን አዘጋጀሁላት። ሻንጣዋን ተቀብሎ እሷንም ቤት ያደርሳታል።»

«ደግ ነህ። ለመጨረሻ ጊዜ መቼ አየሃቸው?»

«ትናንት ማታ ልሰናበታት ወጣሁ። ሚዛኗን ሰቅላ ጨርሳ ለጸሎት ተንበርክካ ነበር። ጥቂት ጠብቄ ወረድኩ። ጠዋት ግን አላየኋትም፤ ይቺ አጣቢ ገደለችብኝ እንጂ!»

ዋዩዋ ሁለት ጽዋ ይዛ ገባች። ዓይኗ በለቅሶ አብጧል። «እኅቴ፣ ከጠዋት ጀምሮ እግርሽ አላረፈም። ሐዘንተኛ ቤት ቢሆንም ባዶ አፍ አይወጣም። ይቺን አጥሚት ቅመሺ።»

«ለፖሊስ አጥሚት ምን ያደርጋል?» ብሎ ሙሴምቢ ተቆጣ።

«ፖሊስ ሆድ የለውም? አንተ ጠዋት ስትጠጣ ምን አደረገልህ?»

ንዱኩ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀመጠች። በዝግታ ጠጣች። ጽዋዋ ሲያልቅ ሥሯ የተጣበቀውን አረንጓዴ ፍርፋሪ በጣቷ ጠርጋ ጥርሷ መሃል አደረገችው። የተቆላና ቅባት ያለው ነበር።

«ጣፋጭ ነው» አለች ስትነሣ። «ለስድስት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ሁላችሁም ከደረጃው ሥር ጠብቁኝ።»

ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን የፖሊሱ መኪና ሞተሩን ሳያጠፋ በር ላይ ቆሞ ነበር። ካቱንጌ፣ ሙቲሶ፣ ሙሴምቢና ዋዩዋ ከደረጃው ሥር ተሰበሰቡ። ንዱኩ ሚዛኑን ከደረጃው የብረት መደገፊያ ላይ ሰቅላ በፊታቸው ትመላለሳለች።

«መኪናው ይጠብቃል፣ አፈንዴ» አለ ሳጅኑ።

«ይጠብቅ። መምህርት ስዮካው ለጉዞ አልወረዱም። ለጉዞ የሚወርድ ሰው ጫማ ያደርጋል። ሻንጣዋን ለሰው ሊያሳዩ ነው ይዘዋት የወረዱት። ምን ሊያሳዩ? ጠዋት የጸሎት መጽሐፋቸውን ሊከቱ ከፈቷት። መጽሐፉ አልጋው ላይ ቀርቷል፤ ምክንያቱም የማይወጣው ነገር ወጥቶ አገኙት። ዱቄቱን ማለቴ ነው።»

«እኔ አልነካሁትም!» አሉ ካቱንጌ።

«አልነኩትም። ዱቄት ብቻ የፈለገ ሌባ ዱቄቱን ይወስዳል፤ ሻንጣዋም በደረጃው ስትወርድና ስትወድቅ ልብሱ ጎድጓዳውን ይሞላዋል። አሁን ግን ጎድጓዳው ቅርጹን እንደጠበቀ ነው። እስከ ጠዋት ድረስ ሌላ ነገር ቦታውን ይዞለት ነበር። የከተተው ሰው መምህርት እንደገና እንደሚመዝኑ ያውቃል። ስለዚህ ግማሽ ኪሎ አውጥቶ ግማሽ ኪሎ አስገባ። ሚዛኑን አታለለ። እናትን ማታለል ግን አልቻለም።»

ሙቲሶ ሁለት እጁን አነሣ። «እኔ ከትናንት ወዲህ ሻንጣዋን አላየሁም!»

«አውቃለሁ። አንተ በር ላይ ስታንኳኳ ሰው ያልከፈተልህ ምናልባት እትዬ ካቱንጌ ጓሮ፣ መምህርትም ላይ ክፍላቸው ስለነበሩ ነው።» ንዱኩ ወደ ዋዩዋ ዞረች፤ ድምፅዋም ለሰለሰ። «እኅቴ፣ የዛሬውን አጥሚት ዱቄት ከየት አገኘሽው?»

«ከጣሳው ነዋ። ጠዋት ተቀምጦ አገኘሁት። ሙሴምቢ አክስቴ ሰጠችን አለኝ…» ዋዩዋ ቃሏን ሳትጨርስ ባሏን አየችው።

ካቱንጌ ከተቀመጡበት ተነሡ። «የዱባ ፍሬ አለበት?»

«አለበት» አለች ንዱኩ። «ጠጥቼዋለሁ። ማታ ጸሎት ላይ እያሉ ሻንጣዋን የከፈተው እሱ ነው። ዱቄቱን ሜዳ ላይ ቢደፋው ኖሮ ዛሬ ማስረጃ አይኖረኝም ነበር። ግን በዚህ አገር እህል የሚደፋ ሰው የለም። ሌባውም ቢሆን።»

«ዱቄት ስለጠጣሁ ነፍሰ ገዳይ ልባል ነው?» ሙሴምቢ ሊስቅ ሞከረ። «ሰዉ ይስማኝ እንጂ!»

«አይደለም። ዶሃ ላይ የአክስትህን ሻንጣ የሚቀበለው ያንተ ሰው ነው። ጠዋት እሳቸው የአንተን ዕቃ ይዘው በርህን አንኳኩ። ከዚያ ወዲህ ግቢው ፖሊስ ሞልቶታልና አልወጣህም፤ ቤትም ደብቀህ መፈተሹን ፈርተሃል። ኮትህን አውልቀህ እዚህ ሚዛን ላይ ስቀልልኝ።»

ሳጅኑ ወደ ሙሴምቢ ሁለት እርምጃ ሲራመድ ሙሴምቢ ራሱ አወለቀው። ንዱኩ ከውስጠኛው ኪስ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣችና ብቻውን መንጠቆው ላይ አንጠለጠለችው። መርፌው ግማሽ ኪሎ ላይ ደርሶ ቆመ። ጨርቁን ስትፈታው ያልተሞረደ አረንጓዴ የከበረ ድንጋይ ነበር፤ ያለ ፈቃድ ከአገር የማይወጣ።

«ሻንጣውን ነው የሳብኩት» አለ ሙሴምቢ። «ትለቀዋለች ብዬ ነው። እሷን አልነካኋትም። ‹በልጄ አጥሚት ቦታ ወንጀል ትከትብኛለህ?› እያለች መጮኽ ጀመረች፤ ወደ ላይ እየሮጠች ነበር። ሰው እንዳይሰማ ብዬ ሳብኩት።»

«አሥር ደረጃ ላይ» አለች ንዱኩ። «ሦስት ሳምንት የመረጡትን ሻንጣ እንደማይለቁት እያወቅህ። ከዚያ ዕቃህን አውጥተህ ዚፑን ዘጋህ፣ እትዬ ካቱንጌንም ከሰስህ።»

ሳጅኑ ከካቱንጌ እጅ ካቴናውን ፈታ። «ይቅርታ፣ እናቴ» አለ ዝቅ ብሎ፤ ያን ቀን ካቱንጌን አክብሮ ሲናገር የመጀመሪያው ነበር። ለስድስት ሰዓት የመጣው መኪና ሙሴምቢን ይዞ ሄደ።

ዋዩዋ ጣሳውን ከቤት አውጥታ ደረጃው ላይ አስቀመጠችው። ልታየው ስላልቻለች ፊቷን አዞረች። ካቱንጌ ከፍተው ተመለከቱ፤ ከግማሽ በታች ነበር። ንዱኩ እንደገና መመላለስ ጀመረች።

«እኔም ከዚያ ውስጥ አንድ ጽዋ ጠጥቻለሁ፣ እትዬ ካቱንጌ» አለች።

ካቱንጌ ክዳኑን መልሰው ገጠሙት። «ባይጠጡት እኔ ከመኪናው ላይ ነበርኩ።» የእጃቸውን አንጓ እያሻሹ ቀና አሉ። «የዱባ ፍሬ ቀርቷል። ዳጉሳም አለ። ልጅቷ ለቀብር ስትመጣ አራስ ሆና ነው የምትመጣው። የሚያበላት ሰው ያስፈልጋታል።»

ወደ ላይ ሊወጡ ሲሉ ቆም አሉና ከብረቱ ላይ የተንጠለጠለውን ሚዛን ተመለከቱ።

«እሱን ትወስዱታላችሁ?»

«ማስረጃ ነው» አለች ንዱኩ።

«ለልጅቷ የምቆላው ጎዶሎ እንዳይሆንባት ልመዝንበት ነበር።»

ንዱኩ ሚዛኑን ከመደገፊያው አወረደችና በሁለት እጇ ሰጠቻቸው። ከዚያም ደረጃው ላይ፣ ከጣሳው አጠገብ፣ ተቀመጠች።

«እስኪቆሉ እጠብቃለሁ» አለች።