ካሴት ያልገዛው ደንበኛ

ሰውየው ቦርሳውን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈ እንጂ አልከፈተውም።

«ለልጄ ሠርግ ነው፣ የኔ እመቤት» አላት ሻጯን፣ ሱቁ ውስጥ ያለ ሁሉ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «አዳራሹ ጨለም ያለ ነው። በጨለማ የሚያነሳ ቪዲዮ ካሜራ እፈልጋለሁ።»

ልጅ የለውም። ሠርግም የለም።

እሷም ካሜራ ሻጭ አይደለችም። በስለላ መሥሪያ ቤቷ የምትታወቀው ኩራዝ በሚል ስም ነው። ሰውየው አለቃዋ ነው፤ ከመለመላት ቀን ጀምሮ አጎቴ እያለች ትጠራዋለች። ሱቁን ሽፋን አድርጋ ክረምትና በጋ ከርማበታለች።

ስለ ዋጋ የሚከራከሩ መስለው ጎንበስ አሉ።

«ምስጥ ነገ ከሰዓት ሽያጭ አለው» አለ አጎቴ፣ ከንፈሩን እምብዛም ሳያንቀሳቅስ። «የተዘጋው ሲኒማ ቤት ውስጥ ነው። ገዢው ጓንት ነው።»

ምስጥ ከመሃላቸው የበቀለ ከሃዲ ነው። ማን እንደሆነ አይታወቅም። እሱ የሸጣቸው ሁለት ባልደረቦች ሬሳቸው እንኳ አልተገኘም። ጓንት የሚሉት ገዢ ደግሞ በሙቀትም በብርድም ጓንቱን አያወልቅም። የምስጥ ፊት ካልታወቀ፣ ቀጣዩ ተሻጭ ከመካከላቸው አንዱ ነው።

«ቀጮን ይዘሽ ግቢ። ፊቱን እፈልጋለሁ። ቤቱ መብራት የለውም፤ ስለዚህ ይኼን ያዢ።» ጠረጴዛው ላይ ከተደረደሩት ሦስት ካሜራዎች መካከል ጣቱ ባለ ሌሊት መብራቱ ላይ አረፈ።

«መጀመሪያ ልፈትናቸው።»

«ምን ፈተና ያስፈልገዋል? እሱን ነው ያልኩሽ።»

ወጣ። አጎቴ ስለ ሥራ መሣሪያ ሲያዝ ሰምታ አታውቅም ነበር።

ባለሱቁ ሆዱን እያስቀደመ ከጓዳ ብቅ አለ። «አልገዛም?»

«ነገ እመለሳለሁ ብሏል።»

«ነገ! እኔን ያደኸየኝ ነገ የሚሉት ደንበኛ ነው። ጠዋት የመጣው ይሻላል፤ እሱም ጤነኛ አይመስለኝም እንጂ። ካሜራ ገዛ፣ ካሴትስ ብለው አልፈልግም አለኝ።»

«ያለ ካሴት ምን ሊያደርግበት?»

«‹ላይበት ብቻ ነው› አለኝ። ዓይን የለህም ወይ ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ከፍሏል፤ ምን አገባኝ።»

ኩራዝ ሳቀችለት። ነገሩ ግን እንደ እሾህ ተሰካባት።

በምሳ ሰዓት የዕቃ ቤቱን መጋረጃ ዘግታ ሻማ አበራች። ቀጮ ካርቶን ላይ ተቀመጠ። ካሜራ ጠጋኝ መስሎ ሱቁ የሚመላለስ ባልደረባዋ ነው፤ ከአጥንትና ከቀልድ የተሠራ ሰው። ካሜራ አያያዝ ያስተማራት እሱ ነው።

የመጀመሪያው ካሜራ ስክሪን ላይ የቀጮ ፊት ጠፋ፤ በምትኩ ግራጫ ጉንዳን ተርመሰመሰ። ሁለተኛው የሸሚዙን ሰማያዊ ሳይቀር ያዘ። ቀጮ ራሱን ባዞረ ቁጥር ግን ፊቱ እጅ እንደነካው ያልደረቀ ቀለም ተጎተተ።

«አትንቀሳቀስ።»

«እኔ መቼ አርፌ አውቃለሁ፣ እቴ?»

አንድ ጊዜ አረፈ። ምስሉ ቀስ እያለ ተሰብስቦ ጠራ።

ሁለተኛውን እንደበራ፣ ሌንሱንም ስክሪኑንም ወደ ራሷ አዙራ፣ ከፊት ለፊቷ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችና ሻማውን አጠፋች። ሦስተኛው፣ ባለ ሌሊት መብራቱ፣ ቀጮን አረንጓዴ አድርጎ አወጣው። ሬሳ ይመስላል፤ ሽፋሽፍቱ ግን አንድ በአንድ ይታያል።

ስክሪኑን አዞረችለት።

«በቃ፣ ይኼ ነው» አለ። «ግን ጠሟል። ግራውን ቀና አድርጊው። ጠማማ ምስል ከማይ ጥርሴን ያለ ማደንዘዣ ቢነቅሉኝ ይሻለኛል።»

ባለሱቁ ከውጭ ተጣራ። ቀጮ እየተነጫነጨ ወጣ።

ያን ጊዜ መደርደሪያውን አየች።

በሁለተኛው ካሜራ ስክሪን ላይ ነጭ ብርሃን ይንቦገቦጋል፤ እንደ መኪና የፊት መብራት። የሚወጣው እጇ ላይ ካለው ካሜራ ግንባር ነው። ቀና ብላ በዓይኗ አየችው፤ ድቅድቅ ጨለማ። ስክሪኑን አየች፤ ብርሃን። መብራቱን በአውራ ጣቷ ደፈነችው። ስክሪኑ ጨለመ።

የሰው ዓይን አያየውም። የካሜራ ዓይን ግን ያየዋል።

ካሴት ያልገዛው ደንበኛ መቅረጽ አልፈለገም። በጨለማ ውስጥ ይህን መብራት የያዘውን ሰው ሊፈልግ ነው።

ሲኒማ ቤቱ ውስጥ ካሜራ እንደሚገባ የሚያውቁት እሷ፣ አጎቴና ቀጮ ብቻ ናቸው። ያን ካሜራ ያዢ ያለው አጎቴ ነው። በቃ፣ ይኼ ነው ያለው ቀጮ ነው።

ለማንም አልተናገረችም።

በማግስቱ ከሰዓት ውጭው በፀሐይ ይነድ ነበር። ሲኒማ ቤቱ ውስጥ ግን በጣሪያው ስንጥቅ ከምትገባው ቀጭን ብርሃን በቀር ምንም የለም። ሰገነቱ ላይ ባለ መብራቱን ካሜራ ባለ ሦስት እግር የእንጨት ማቆሚያ ላይ ተከሉ። ወለሉ ተዳፋት ነው፤ አንዱ እግር አልጸና አለ። ቀጮ ተንበርክኮ ብዙ ታገለው።

«እዚህ ሆኜ የምቀርጸው እኔ ነኝ» አለችው። «አንተ ከሰገነቱ የኋላ በር ቁም። ምንም ቢሆን እንዳትመለስ።»

«ምንም ቢሆን?»

«ምንም።»

ጥቂት አያት። «ዛሬ ምን ሆነሻል? እንደ ባዳ ነው የምታዪኝ።»

«ሂድ፣ ቀጮ።»

ሲሄድ ባለ መብራቱን አብርታ ብቻውን ተወችው። በጎን ደረጃ ወርዳ መድረኩ ላይ ከተንጠለጠለው አሮጌ መጋረጃ ጀርባ ገባች። ሁለተኛውን ካሜራ ከጃኬቷ አውጥታ ክርኗን እንጨት ላይ አስደገፈች።

ሁለት ጥላዎች ገቡ።

የፊተኛው ጓንት አድርጓል። አንገቱ ላይ በሱቃቸው ቢጫ ማንገቻ ካሜራ ተንጠልጥሏል። ስክሪኑን ዓይኑ ላይ አስጠግቶ ወንበሮቹን ዳሰሰ፣ ግድግዳውን ዳሰሰ። ወደ ሰገነቱ ሲያዞረው ቆመ።

«አየኋት» አለ ጓንት በሹክሹክታ።

«እንግዲህ ዕቃህን ተረከብ» አለ ሌላኛው። «ያልኩህ ቦታ ነች።»

ዕቃው እሷ ነበረች። ልትቀርጸው የመጣችው ሽያጭ የራሷ ነው።

ድምፁንም ለየችው። ትናንት ለልጁ ሠርግ ካሜራ የጠየቀ ድምፅ ነው።

ሹክሹክታ ግን ማስረጃ አይሆንም፤ የማንም ሊሆን ይችላል። ፊት ያስፈልጋታል። አጎቴ ደግሞ አያርፍም፤ ይንጎራደዳል፣ ይዞራል፣ ስክሪኗ ላይ ፊቱ እየተጎተተ ይጠፋል።

ከሰገነቱ እንጨት ሲንሸራተት ተሰማ። ያ ያልጸናው እግር።

ከዚያ ኮቴ።

ቀጮ።

ካሜራው ሲንሸራተት ከኋላ በር ሆኖ ሰምቷል። አስችሎት አይቆምም። ጎንበስ ብሎ ሊያቃናው እጁን ዘረጋ።

አፏ ተከፈተ። ስሙን ብትጠራ ይድናል፤ ካሴቱም እሷም እዚያው ይቀራሉ።

አፏ ተዘጋ።

ጓንት ወደ መብራቱ ተኮሰ።

ቀጮ ከሰገነቱ አጥር በላይ ተገልብጦ በወንበሮቹ መሃል ወዳለው መተላለፊያ ወደቀ፣ በጣሪያው ስንጥቅ ብርሃን ሥር። አጎቴ ሮጦ ደረሰ። ሴት ጠብቆ ነበር፤ ሬሳውን በጫማው ገለበጠው። ቀና ያለው የቀጮ ፊት ነው።

ደነገጠ። ቆመ።

ለመጀመሪያ ጊዜ አረፈ። ስክሪኑ ላይ የተጎተተው ቀለም ቀስ እያለ ተሰበሰበ። ግንባሩ ወጣ። አፍንጫው። የተከረከመው ጺሙ። ከእግሩ ሥር ደግሞ ሰማያዊው ሸሚዝ።

ጓንት ቀሪውን ጨለማ በስክሪኑ አሰሰ። የእሷ ካሜራ መብራት የለውም። ምንም አላየም።

እሷ በመድረኩ ሥር በሚያልፈው መተላለፊያ ወጥታ ፀሐዩ ውስጥ ገባች።

ካሴቱን ከዋናው ሹም ጋር አዩት። አጎቴ ከመምሸቱ በፊት ተያዘ። ሹሙ የቆመውን ምስል ደጋግሞ ተመለከተ።

«ትንሽ ጠሟል» አለ።

«እጄ ነው፣ ጌታዬ።»

«ፊቱ ግን ይታያል። ቀጮን ለምን አላስጠነቀቅሽውም?»

«ምስጥ ወይ እሱ ነበር ወይ አጎቴ።»

ሹሙ ካሴቱን ከማጫወቻው አወጣ። ለቀጮ እናት መኪና ገጨው ተባለላቸው።

አሁን በሌላ ከተማ፣ በሌላ ስም፣ ጨርቃ ጨርቅ ትሸጣለች። ጎረቤቶቿ ዝምተኛ ናት ይሏታል፤ ከዚያ ሌላ የሚሏት የለም። ባለፈው አንድ ወፍራም ሴትዮ ገቡ።

«እህት ዓለም፣ ብርሃን የማያሳልፍ መጋረጃ አለሽ? ልጄ ቀን ተኝቶ ማታ ነው የሚሠራው።»

«አለ፣ እናቴ።»

ጥቁሩን ጣቃ አወረደች። ወደ መስኮቱ አንስታ ዘረጋችላቸው፤ ከበስተጀርባው ያለው ፀሐይ ጠፋ።

«እሱስ ጥሩ ነው» አሉ ሴትዮዋ፣ ራሳቸውን ዘንበል አድርገው። «ግን በግራ በኩል ወረድ አላለም?»

ኩራዝ ክንዷን ቀና አደረገች። እስኪበቃቸው ድረስ እንደያዘችው ቆመች።