ሽፋሽፍቱ አመዳይ አልያዘም

በዚህ ከተማ ውሻ ሲጮህ ሰው የመስኮቱን አመዳይ ፍቆ ወደ ውጭ ያያል። እኔ ስናገር ግን ማንም አንገቱን አያዞርም። ፊደል ስላልቆጠርኩ ዓይንም የሌለኝ ይመስላቸዋል። ልጄ ጋቭሪል ደጄ ላይ ሞቶ በተገኘ ጠዋት «ልጄ አልጠጣም» አልኳቸው። የጤና ረዳቱ ፌዶት ጎኑ የወደቀውን የቮድካ ጠርሙስ በእግሩ ጫፍ አሳየኝ። ሰዉ ሁሉ ጠርሙሱን አየ።

«አባቱም እንዲሁ ነው የሄደው» አለች አንዷ።

እውነቷን ነው። ባሌ ሰክሮ መንገድ ላይ ደርቆ ቀርቷል። ጋቭሪል ግን ሚስቱን የቀበረ ዕለት «እንደ አባቴ አልሞትም» ብሎ ምሎልኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ የኖርኩት በዚያ መሐላ ነው። አሁን እሱንም ሊወስዱብኝ ነው።

ሬሳውን ቤት እናስገባ ሲሉኝ እምቢ አልኩ። መርማሪ መጥቶ ሳያየው አይነካም አልኩ። ልብ የላትም አሉ፤ ይበሉ። ብርዱ ከዜሮ በታች ሃምሳ ሰባት ነው፣ ሬሳ የትም አይሄድም። አላለቀስኩም። ውስጤ እንደ ወንዙ ከላይ እስከ ታች ረግቶ ነበር።

ከዋናው ከተማ ከያኩትስክ የመጣችው መርማሪ፣ ሻምበል አኩሊና፣ አጭር ሴት ናት፤ ድምጿን ከፍ አታደርግም። የመኪናዋን ሞተር እንደበራ ትታ ወረደች። ጋቭሪል ለመጠጥ ውሃ ከወንዝ ቆርጠን የደረደርነውን በረዶ ተደግፎ ተቀምጧል። ፊቱ ሥር ቁጢጥ ብላ ቆየች።

«ሻምበል፣ ነገሩ ግልጽ ነው» አላት ፌዶት። «ጠጣ፣ ተቀመጠ፣ አንቀላፋ። በየክረምቱ የምናየው ነው።»

«በየክረምቱ የምታያቸው ፊታቸው እንዲህ ነው?»

«ፊት ፊት ነው።»

ወደ እኔ ዞረች። «እማማ፣ ፊቱን የጠረገለት ሰው አለ?»

«እናቱ ያልነካሁትን ማን ይነካዋል?»

ራሷን ነቀነቀች። ጠርሙሱን በጓንቷ አንስታ ከፍ አድርጋ አየችው። «ይሄ ሞቃት ቤት እንዳይገባ» ብላ ቀዝቃዛው ጓዳዬ ውስጥ አስቀመጠችው።

መጀመሪያ ያስጠራችው ቴሬንቲን ነው። ከልጄ ጋር በአንዲት ፈረስ የተነሳ ሲነታረክ ከርሟል።

«ፈረሷ የማን ናት?»

«የእኔ። እሱ የእኔ ናት ይል ነበር። እሷ ግን ሁለታችንንም አትወድም።»

«ተደባድባችኋል?»

«በዚህ ብርድ ማን ጓንቱን አውልቆ ይማታል፣ እሜቴ?»

«ቮድካ ቤትህ ይኖራል?»

«ቮድካና እኔ አንድ ቤት አድረን አናውቅም። ከሁለት አንዳችን ያልቃል።» ከዚያ ሳቁ ጠፋ። «ጋቭሪል መጠጥ ሲተው ብቻዬን ተወኝ። ጠቡ የዚያ ነው እንጂ የፈረስ አይደለም።»

ቀጥላ ባለሱቋን ቫርቫራን ጠየቀቻት። ምላሷ ከእኔ ባይብስም አይተናነስም።

«ቮድካ ሸጥሽለት?»

«ለጋቭሪል? ከረሜላ ነው የሚገዛኝ፤ አፉን ሲያሳክከው እሱን ይመጥጣል። ሞቶ በተገኘበት ዋዜማም ከረሜላ ገዝቶ፣ ‹ሚስቱ የሌለችበትን ሰው ሻይ ላጣጣው› ብሎ ወጣ።»

«ማንን?»

«አልጠየቅኩትም። የቴሬንቲ ሚስት ጥላው ሄዳለች፤ የፌዶት ሚስት ያኩትስክ እህቷ ጋ ናት።»

ሻምበሏ ሁለቱም ቤት ሻይ እንጠጣ አለችና እኔን አስከተለች። የቴሬንቲ ቤት የቀበሮ ጉድጓድ ነው፤ መስኮቱ ላይ የቆመችው አንዲት ሽንኩርት ግን አረንጓዴ ቀንበጥ አውጥታለች። የፌዶት ቤት ንጹሕ ነው። መስኮቱ ላይ የሚስቱ አበቦች ተደርድረዋል። እንደ ዓይኗ ብሌን ነው የምትጠብቃቸው። ሻምበሏ አንዱን ቅጠል ነካችው። እንደ ተቀቀለ ጎመን ጣቷ ላይ ተልፈሰፈሰ።

«ውሃ ማጠጣት ረስቼ ነው» አለ ፌዶት።

አፈሩ ርጥብ ነበር። እሷ ሻይዋን ጨርሳ ወጣች።

በማግስቱ ሁሉንም እኔ ወጥ ቤት ሰበሰበቻቸው። በሩ ሲከፈት ብርዱ እንደ ነጭ ጭስ በወለሉ ላይ እየተጎተተ አብሯቸው ገባ።

«ሳትቀመጡ ፊታችሁን ንኩ» አለች።

ቴሬንቲ ሽፋሽፍቱን ነካ። ቫርቫራ የፀጉር አንገትጌዋን ዳበሰች። የሁሉም ነጭ ነበር።

«ከደጃችሁ እዚህ ድረስ ስትመጡ ነው ይሄ ሁሉ የያዛችሁ። እስትንፋስ ነው። ጋቭሪል ውጭ ተቀምጦ አንቀላፋ ካላችሁኝ አገጩም አንገትጌውም በረዶ መሆን ነበረበት። ሽፋሽፍቱ እንኳ ንጹሕ ነው። ውጭ አንዴም አልተነፈሰም፤ ሞቶ ነው የወጣው።»

ምድጃው ይንጣጣል።

ጠርሙሱን ከጓዳ አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አጋደመችው። «ሳይቀልጥ ቶሎ እዩት። የተገኘው እንዲህ ተጋድሞ ነው። ቮድካው ግን ቂጡ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ ነው የረጋው። አንድ ሰው ቀዝቃዛ ጓዳው ውስጥ አቁሞት ከርሟል። የረጋውን አምጥቶ ጎኑ ጣለለት። የረጋ ቮድካ ማን ይጠጣል?»

«እኔ እንኳ ሞክሬ አቅቶኛል» አለ ቴሬንቲ ቀስ ብሎ።

«ታዲያ ቤት ውስጥ ምን ገደለው? ቁስል የለውም። የቴሬንቲ ሽንኩርት ደህና ናት፤ የፌዶት አበቦች ግን ሥራቸው ርጥብ ሆኖ በብርድ ተቀቅለዋል። በዚህ ክረምት በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ የሚያቆይ ማነው? ቤቱ ውስጥ መውጣት ያለበት ነገር ያለበት ሰው ነው። የፍም ጭስ።»

ፌዶት በየክረምቱ ቤት ለቤት ይዞራል። ሰማያዊው ነበልባል ሳይጠፋ የጭስ ማውጫውን መዝጊያ እንዳትዘጉ፣ ተኝታችሁ ትቀራላችሁ ይለናል። እኔን ጭምር እንደ ሕፃን ተቆጥቶኛል።

ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። «ምጥ የያዛት ሴት አለች ብለው ጠሩኝ። እሱ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወስዶት ነበር። ነበልባሉ ሰማያዊ ነበር፣ አይቼዋለሁ። ቤቱ እንዳይቀዘቅዝበት ብዬ ዘጋሁት። ትንሽ ቢቀር ነው፣ ምን ይሆናል አልኩ። ስመለስ ሞቷል። በየቤቱ እየዞርኩ የማስጠነቅቀው እኔው ፌዶት መዝጋቴን ሲያውቁ...»

«ከዚያ ሬሳውን በበረዶ ሸርተቴ ጎትተህ እዚህ አመጣኸው» አለች ሻምበሏ።

«ለምን እኔ ደጅ?» አልኩት።

«ቶሎ እንድታገኚው ነው፣ እማማ ኡሊያና። ውሻ ሳይነካው።»

ከልጄ ጋር አንድ ሳህን ላይ የበላ ልጅ ነው። ልጠላው ፈለግኩ፤ ልቤ ግን እምቢ አለኝ። ቀና ብሎ ሲያየኝ የራሱ ሽፋሽፍት አመዳይ ቀልጦ ይንጠባጠብ ነበር። ሻምበሏ ፌዶትን ይዛ ልትሄድ ተነስታ ካፖርቷን መልበስ ጀመረች።

«ቆዪ፣ ልጄ» አልኳት። «ወህኒው አይሮጥም። መሬቱ እንደ ብረት ነው፤ እሳት ተነድዶበት ካልቀለጠ ልጄ አይቀበርም።»

ቁጭ አለች።

«ፌዶት፣ እንጨቱን አንተ ትፈልጣለህ። እሳቱን አንተ ታነድዳለህ፤ አፈሩ ሲለሰልስ ትቆፍራለህ፣ ደግሞ ታነድዳለህ። ማንም አይረዳህም። በዚያ ያለፈ ሁሉ ለማን ነው ብሎ ይጠይቅሃል። ለጋቭሪል ነው በል፣ አልሰከረም፣ እኔ ነኝ መዝጊያውን የዘጋሁት በል። አንድም ሰው ሳታስቀር። ያን ጠርሙስ ያየ ሁሉ ካፍህ ይስማው።»