የሚገፋ ብስክሌት አይቆጠርም

ድልድዩ አጠገብ ተቀምጬ ብስክሌት እቆጥር ነበር። የከተማው መንገዶች ጽሕፈት ቤት ለብስክሌት የተለየ መስመር ከማበጀቱ በፊት በቀን ስንት እንደሚያልፍ ማወቅ ፈልጎ፣ ለሁለት ወር ጠዋት ጠዋት እንድቆጥር ቀጥሮኝ ነው። ደንቡ አጭር ነበር፦ ለሚነዳ ብስክሌት አንድ ጭረት፤ እየተገፋ የሚያልፍ አይቆጠርም።

በመጀመሪያው ቀን አንድ አናጢ ብስክሌቱን እየነዳ መጣ፤ አጠገቤ ሲደርስ ወረደና፣ ሰላም ብሎኝ እየገፋ አለፈ። በማግስቱም እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን ትዕግሥቴ አለቀ።

«ወንድሜ፣ ይንዱት እንጂ። እየገፉ ሲያልፉ እኮ አልቆጥርዎትም።»

«ከነዳሁት ባንድ አፍታ አልፍሻለሁ» አለኝ። «ከገፋሁት ግን ትንሽ እቆያለሁ።»

ሳቄን በወረቀቴ ሸፈንኩ።

ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ እየወረደ፣ አልዘጋ ስላሉት በሮችና ስለ ጨቅጫቃ ደንበኞቹ ያወራኝ ጀመር። ሲያስለው የእንጨት ብናኝ ነው ይላል። የመብራት ቆጣሪ እንኳ አንዳንዴ ይሳሳታል፣ አንቺ ግን ለእኔ ብለሽ አንድ ቀን አትሳሳቺም እያለ ያሾፍብኛል። እውነቱን ነው፤ አልተሳሳትኩም።

ቆጠራው ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው እንድናገባ ጠየቀኝ። በመጨረሻው ቀን እመልስልሃለሁ አልኩት። መልሴን ግን ያን ጊዜም አውቀው ነበር።

በመጨረሻው ቀን መጣ። አልወረደም። አንገቱን ደፍቶ፣ እየነዳ በፊቴ አለፈ... እጄ በልማዱ አንድ ጭረት ጫረ።

ሐሳቡን ለውጧል ብዬ አኮረፍኩ። ሦስት ቀን ስልኬን ሳይ ዋልኩ፤ አልደወለም። እኔም ኩራት ይዞኝ አልደወልኩም። በአራተኛው ቀን ታላቅ እህቱ ቤቴ ድረስ መጣች። ሳሉ የብናኝ አልነበረም። ከዚያ ጠዋት በፊት በነበረው ቀን ሐኪሙ፣ ዕድሜው ከዓመት እንደማይዘል ነግሮት ኖሯል።

ሥራ ቦታው ሄድኩ። በር ሲልግ አገኘሁት።

«አልወረድክም» አልኩት።

«ብወርድ መልስሽን እሰማ ነበር።»

«እንግዲያው አሁን ስማው። አገባሃለሁ።»

መላጊያውን አስቀመጠ። «ዓመት ሳይሞላሽ ጥቁር ትለብሻለሽ እኮ።»

«ጥቁሩን ለእኔ ተወው። አንተ በሩን ጨርስ።»

አሥራ አንድ ወር አብረን ኖርን። መጨረሻው አካባቢ ብስክሌቱን እንደ ምርኩዝ ተደግፎ እየገፋ፣ ቀስ እያልን እስከ ድልድዩ እንሄድ ነበር።

«ዛሬስ?» ይለኛል።

«አትቆጠርም» እለዋለሁ።

እስኪያስለው ይስቃል።

መስመሩ የተሠራው እሱ ካረፈ በኋላ ነው። ጽሕፈት ቤቱ የቆጠራውን ሪፖርት ላከልኝ። ሌላውን ገጽ ሁሉ ዘልዬ የመጨረሻውን ቀን ፈለግኩ። አራት መቶ አሥራ ሦስት ይላል።

ወርዶ ቢሆን ኖሮ፣ አራት መቶ አሥራ ሁለት ይሆን ነበር።